በአገር የተመለሰ ምርቃት

ቃል ከልብ ተነሥቶ ከንፈር ሳይደርስ የሚያውቀው፣ ዘመናትንም እንደ ሸማ ጠቅልሎ በመዳፉ የያዘው እግዚአብሔር የዚህን ነገር መነሻውንም መድረሻውንም ያውቃል። እኛ የምንናገረው ለሰው ዓይን የታየውን ያህል ነው። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማምሻ፣ አስኳላ በየወረዳው ከተማ በሩን ከፍቶ የደብተራውን ልጅ ሳይቀር መጥራት በጀመረበት ጊዜ ነው። ቦታውም ከዲማ ማዶ፣ ገደሉን ወርደው ወንዙን ተሻግረው የሚደርሱባት አንዲት የኪዳነ ምሕረት ደብር ናት።

በዚያች ደብር መሪጌታ ደምለው የሚባሉ የቅኔ መምህር ጉባኤ ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። ቅኔያቸው የተመሰገነ ነው፤ ሰውን ከሩቅ የሚጠራላቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። በደብሩ ቃል መጣል ይሉታል። በበዓል ቀን መዓድ ከተነሣ በኋላ መሪጌታ አንድ የተሸፈነ ቃል ወደ መሐል ይጥላሉ። ተማሪውም፣ ካህኑም፣ ባላገሩም ከሽፋኑ ሥር ያለውን ይፈልጋል። ያገኘ ይመረቃል፤ ያጣ ደግሞ ልጆች በእንቆቅልሽ እንደሚያደርጉት አገር ሰጥቶ መረታቱን ያምናል።

“በአንድ እግሩ የቆመ፣ ጆሮው የበዛ፣ አንድም ነገር የማይሰማ!” ይላሉ መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው።

“ባሕር ዛፍ!”

“አይደለም።”

“የአለቃችን በቅሎ!” ይላል ከበሩ በኩል አንዱ።

“እሷስ አራት እግር አላት፣ አንተ ስድ!”

“አላት፤ ግን መቼ ትራመድባቸዋለች?”

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ አለቃውም አብረው ይስቃሉ። በመጨረሻ ከባላገሩ አንዱ እጁን ያነሣና “በቃኝ፣ ደጀንን ሰጠሁ” ይላል። መሪጌታም “ደጀን ገባሁ፣ በማሩ ጠገብሁ፣ ያንተን ድርሻ ለውሻ ሰጠሁ” ብለው ይሸልሉበታል። ከዚያ በኋላ ነው መልሱ የሚነገረው። “ጎመን ነው! በየጓሯችሁ ተክላችሁ፣ በየቀኑ ጆሮውን እየቀነጠሳችሁ፣ ስሙን አጣችሁት?”

ሚስታቸው ማንጠግቦሽ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ከቃል ጌታ ጋር ስትኖር ያረጀች ሴት ናት፤ በምድጃው ዳር እርሳቸው ቃል ሲጥሉ እርሷ ስታነሣ፣ ስትረታም አገር ስትሰጥ፣ ከመርጡለ ማርያም እስከ ጎንደር ያልሰጠቻቸው ከተማ አልነበረም። አንድ ልጅ ወለዱ፤ ሙላት አሉት። በዚህ ጨዋታ አባቱን የሚገዳደር ከአገሩ እርሱ ብቻ ነበር። መሪጌታ ልጃቸውን የረቱ ቀን እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር፤ የተረቱ ቀን ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ እየዞሩ ያወሩ ነበር።

ይህ ልጅ አድጎ አንድ ቀን “አባባ፣ ደብረ ማርቆስ አስኳላ ልገባ ነው” አላቸው። ጉባኤው ከዚያ በፊትም መሳሳት ጀምሮ ነበር፤ በየወሩ አንድ ተማሪ የልመና አኩፋዳውን ትቶ ወደ ከተማ ይሄድ ነበርና ቁስላቸው ላይ ነካቸው። በተማሪዎቻቸው ሁሉ ፊት ብድግ ብለው “ከዚህ ቤት ያገኘኸውን ቃል ወስደህ ለአስኳላ ከጣልህ፣ ዘር አይብቀልልህ!” አሉት። ልጁ ጉልበታቸውን ሊስም ቢጎነበስ እግራቸውን ሰበሰቡ። ሄደ። ተምሮም በደምበጫ አስተማሪ ሆነ፤ ይታይሽ የምትባል ደግ ልጅ አገባ። ይታይሽ ግን ፅንስ አልቆይ አላት። አንዴ ወረደባት፤ ሌላም ጊዜ ወረደባት። መጻሕፍት ስለዚህ የሚሉት ሌላ ሊሆን ይችላል። አገሬው የሚያምነው ግን የወላጅ ርግማን የሚነሣው በረገመው አፍ ምርቃት ብቻ እንደ ሆነ ነው። ማንጠግቦሽም ይህን አምና በየኪዳኑ ታለቅስ ነበር። መሪጌታ ግን የልጁን ስም እንኳ አያስነሡም፤ በዚህ ብዙ ዓመት አለፈ።

በሽታው የጀመረው በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ከመርጡለ ማርያም የመጡ መምህራን ሳይቀሩ ተሰብስበዋል። መሪጌታ ጠላ የተሞላውን ዋንጫ ሊጠይቁ እጃቸውን ዘረጉና “ያንን… ያንን የዝናብ ጫማ አቀብሉኝ” አሉ።

አንዱ እንግዳ ሳቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። ማንጠግቦሽ የባሏን ፊት አየች፤ ሌባ እንደ ገባበት ቤት ባለቤት ዙሪያቸውን ይቃኙ ነበር፤ አንድ ዕቃ ጠፍቷል፣ የቱ እንደ ሆነ ግን አላወቁትም። ያን ፊት ለእንግዳ ዓይን መተው አልቻለችም።

“ምን አፋችሁን ከፍታችሁ ታያላችሁ? ቃል ጥለውላችሁ የለም እንዴ? አንሡ እንጂ!” አለችና ዋንጫውን ለመሪጌታ አስያዘቻቸው።

ቤቱ ወዲያው ነፍስ ዘራ። “ደመና ነው፤ ዝናብ በደመና ይሄዳልና!” አለ አንዱ። “ጭቃ ነው፤ ዝናብ ካለፈ በኋላ ኮቴው የሚቀር በጭቃ ነው” አሉ የመርጡለ ማርያሙ መምህር። በመጨረሻ አወቀ የሚባለው አስነጋሪ፣ መሪጌታ ከደከሙ ወዲህ ተማሪውን በእርሳቸው ፈንታ የሚያስጠናው ትልቅ ደቀ መዝሙር፣ ተነሥቶ “ዝናብ ጸጋ ነው፤ ጫማው ትሕትና ነው፤ ጸጋ ያለ ትሕትና ወደ ሰው አይራመድም” አለ። “እሰይ! እሰይ!” ተባለ። መምህሩም ደረታቸውን መትተው “መርጡለ ማርያምን ሰጠሁ!” አሉ። መሪጌታ ጠላቸውን ጠጡ።

ዝናው በጾሙ መካከል ወንዝ ተሻገረ። የመሪጌታ ደምለው ቃል ጠልቋል፣ አሁንስ ሰው አልደርስበት አለ ተባለ። በሽታው በበረታ ቁጥር ሰዉ በዛ። የከዱ ተማሪዎች ተመለሱ፤ ከዲማ ሊቃውንት መጡ። መሪጌታ መቋሚያ ሲፈልጉ “የንቡን ክንድ” ይላሉ፤ ሰዉ ሰባት ምሥጢር ያወጣለታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግንባራቸውን ሲመታቸው “ጣሪያውን አርሱት፣ አርሱት” ብለው ጮኹ፤ ጥላ መለመናቸው ነበር። በፊታቸው የተቀመጠው ጉባኤ ጣሪያው ሰማይ ነው፣ የለም ልብ ነው ሲል ቆየ። ማንጠግቦሽ ከጓሮ ሮጣ መጥታ በእጇ እየደገፈች ወደ ግድግዳው ጥላ አዛወረቻቸው። ሰዎቹም “ይህም ከምሥጢሩ ነው” ብለው መነሣታቸውን ተረጎሙት።

አንድ ቀን ጠዋት ከኪዳን ተመልሰው መደቡ ላይ እንደ ተቀመጡ አእምሯቸው ጠራ።

“ማንጠግቦሽ።”

“አቤት።”

“ቃሉ እየሸሸኝ ነው። የዚህን…” ጣታቸውን ወደ ቤቱ ምሰሶ ቀሰሩ፤ “የዚህን ስም ስፈልግ አደርሁ።”

“ምሰሶ ነው።”

“ምሰሶ” ብለው እንደ ሕፃን ደገሙት። ቆይተውም “ልጁን አስጠሪልኝ” አሉ። “የረገመችው ይቺ አፍ ናት። ሳልመርቀው ከተዘጋች ወዴት እገባለሁ?”

ማንጠግቦሽ በመቀነቷ እንባዋን ጠርጋ ወጣች። ፈረስ ሊሸጥ ወደ ደምበጫ ገበያ የሚወርድ ካሴ የሚባል ጎረቤት ነበራቸውና “ለሙላት አባትህ ሊመርቅህ ይፈልጋል፣ ፍጠን በለው” ብላ ላከችው። ካሴ ሲመለስ ይታይሽ እንደ ገና ማርገዟን፣ ሙላትም ከፋሲካ በኋላ እንደሚመጣ ነገራት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የማንጠግቦሽ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ልጁ እስኪደርስ ያች አፍ እንዳትዘጋ፣ የደረሰ ዕለትም አባትና ልጅ ብቻቸውን እንዲሆኑ። ስለዚህ አስነጋሪውን ጠርታ በማጀቱ በር አነጋገረችው።

“አወቀ፣ ልጄ፣ የኔታ ታመዋል። ቃል እየጣሉ አይደለም፤ ቃል እየጠፋባቸው ነው።”

“እሜቴ” አለ ፈገግ ብሎ፣ “እርስዎም ጀመሩ ማለት ነው?”

“ቀልድ አይደለም! ያን ዕለት ዋሸሁ። ዋንጫ ነበር የፈለጉት። ዋንጫ!”

የአወቀ ፈገግታ ለአፍታ ጠፋ። ወደ ሜዳው ዞሮ በባሕር ዛፉ ሥር የተቀመጡትን ተማሪዎች አየ። “ባለፈው ዓመት ይህ ሜዳ ባዶ ነበር” አለ ዝግ ብሎ። “ጉባኤው ሊታጠፍ ነበር እሜቴ። ቢታመሙስ? መንፈስ ቅዱስ በታመመ አፍ አይናገርም ያለ ማን ነው?”

“ሰውዬውስ? እርሳቸውስ በምን ይናገሩ?”

አወቀ እጅ ነሥቷት ወደ ተማሪዎቹ ሄደ። በማግስቱ ተማሪዎቹ፣ እሜቴም ምሥጢሩን ለመሸፈን ‘ዋንጫ ነው’ አሉ እየተባባሉ፣ ስለ ዋንጫ ሲከራከሩ ሰማች። ያን ዕለት ማታ ማንጠግቦሽ እራት አልበላችም።

ሙላት የመጣው ዳግም ትንሣኤ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። የአስተማሪ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማው አቧራ ጠጥቶ ከአጥሩ በር ቆመ። ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ማንጠግቦሽ ልጇን አንገቱን አቅፋ ከሳመች በኋላ ወደ ሰዉ ዞረች።

“ዛሬ ጉባኤ የለም። እባካችሁ፣ ልጄ መጥቷል፤ አባትና ልጅ ይነጋገሩበት።”

“እንዴት ተደርጎ!” አለ አንዱ ሽማግሌ ዱላውን ተክሎ። “ድሮ እነዚህ ሁለቱ ቃል ሲጣጣሉ በሬያችንን ፈትተን ነበር የምንመጣ። ዛሬማ ብትደበድቢኝ አልሄድ!”

“ሙላት፣ አስኳላው አፍህን አደንዝዞት እንደሆነ ዛሬ ይለያል!” አለ ሌላው። ሳቁ ተነሣ። የሄደ ሰው አልነበረም።

መሪጌታ ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው እንደ መስከረም ሜዳ ፈካ። ሙላት ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ፤ አሁን እግራቸውን አልሰበሰቡም። እጃቸውን በራሱ ላይ አኖሩ። ማንጠግቦሽ ከኋላ ቆማ ከንፈሯን ከከንፈራቸው ጋር ታንቀሳቅስ ነበር፤ ቃሉን ከሩቅ ልታጎርሳቸው የምትችል ይመስል።

“ዘር…” አሉ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። “ዘርህ… ዘርህ… አመድ…” ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያ አልነበረም። እንደ ገና ጀመሩ። “አመድ ላይ… ዝናብ… ዘርህ…”

“ቃል ጣሉ!” አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ።

“ዝም በሉ!” ብላ ጮኸች ማንጠግቦሽ። “እየመረቁት ነው! አትሰሙም?”

“እሜቴ ደግሞ መሸፈን ይወዳሉ” አለ አንዱ፤ ሌላው አጨበጨበ። “አስነጋሪው! አንሣ እንጂ አወቀ!”

አወቀ ከመቀመጫው መነሣት የፈለገ አይመስልም ነበር። ነገር ግን የዲማ ሊቃውንት አዩት፣ ተማሪዎቹም አዩት። ቆመ። “ዘር የአባቶች ትምህርት ነው” አለ። “አመድ አስኳላ ነው። ዘር በአመድ ላይ ከተጣለ ዝናብ ቢዘንብለትም አይበቅልም።”

“ይበል! ይበል! ገደለው!”

ሙላት እጁን ከአባቱ ጉልበት አነሣ። ‘አይበቅልም’ የምትለዋ ቃል ስትወጋው እናቱ ከቆመችበት አየች። ቀና ብሎ አባቱን ተመለከተ፤ ከመሪጌታ ዓይን እንባ ይወርድ ነበር። ልጁ ይህን እንባ ያውቀዋል። ልጅነቱን ሙሉ በተረታ ቁጥር አይቶታል፤ የሳቅ እንባ ነው። በሰው ፊት ሊያዋርዱት፣ የድሮውን ርግማን በአዲስ ቃል ሸፍነው ሊደግሙለት ከደምበጫ ድረስ እንዳስመጡት አመነ።

ተነሥቶ የጉልበቱን አቧራ አራገፈ።

“አላነሣሁትም አባባ” አለ። ድምፁ አልተለወጠም። “ድሮም የሚረቱኝ እርስዎ ነዎት። እንግዲህ አገር ልስጥዎት። ደምበጫን ሰጠሁዎት፤ ቤቴም፣ ሚስቴም፣ በማኅፀኗ ያለውም እዚያ ነው። ሁሉንም ይውሰዱት።”

“አገር ተሰጠ!” አለ ሰዉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። መሪጌታ የኮቱን ጫፍ ጨብጠው ራሳቸውን ይነቀንቁ፣ ከጉሮሯቸው ቃል የሌለው ድምፅ ያወጡ ነበር። ሙላት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በቀስታ አስለቅቆ፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ መልሶ ወጣ። ማንጠግቦሽ እስከ ወንዙ ቁልቁለት እየጠራችው ተከተለችው። ዞር ሳይል ተሻገረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መሪጌታ ምንም አልተናገሩም። ሰዉ ጥቂት ሰንበት ዝምታቸውን ሲተረጉም ቆይቶ ተሰላቸ። ተማሪዎቹ በክረምቱ መግቢያ አኩፋዳቸውን አንሥተው ተበተኑ። አወቀ መጨረሻ ላይ መጥቶ ከማንጠግቦሽ እግር ሥር ወደቀና ጉልበቷን ሳመ። ጉባኤው ታጠፈ።

እርሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም ነበር። በየቀኑ በምድጃው ዳር ከፊታቸው ተቀምጣ “ልጄ ተመረቅ ይበሉ” ትላቸዋለች። “ልጄ።” ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ወንዙ ሳይሞላ እርሷው ልትሄድ ቆረጠች። እርሳቸውን ለካሴ ሚስት ለሥራነሽ አደራ ሰጥታ፣ እስከ ደብረ ማርቆስ በጭቃው በእግሯ፣ ከዚያም በእህል ጭነት መኪና ላይ ሆና ደምበጫ ደረሰች። በመንገዱ ሁሉ የምትለውን ቃል እየደጋገመች ነበር።

የልጇን በር ስትገፋ ቤቱ ጨለማ ነበር። ይታይሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ በወገቧ ላይ የተጠቀለለውን መቀነት ያየች ሴት ሌላ መጠየቅ አያስፈልጋትም። ሙላት ከአልጋው ግርጌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር።

“መቼ ወረደ?” አለች ማንጠግቦሽ።

“ሐሙስ።”

መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ያን ሁሉ መንገድ ይዛው የመጣችውን ተናገረች። “አባትህ መርቆሃል ልጄ። ያን ቀን እየመረቀህ ነበር። ታሟል፤ ቃል ጠፍቶበት ነው። ዘርህ ይባረክ ሊል ነው አመድ ያለው።”

ሙላት ወደ እናቱ ዞረ። “እማዬ” አለ፣ “ካሴ ሁሉንም አጫውቶኛል። በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ‘ቃል ጥለውላችሁ ነው፣ አንሡ’ ያልሽው አንቺ ነሽ አሉ። እውነት ነው?”

“እውነት ነው። ላድነው ብዬ ነው።”

“ዛሬ ደግሞ እኔን ልታድኚ ነው።” ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። “ለእርሱ አንዱን አልሽ፤ ለእኔ ሌላውን ትያለሽ። የቱን ልመንሽ? እርሱ ይንገረኝ።”

“እርሱማ… አንደበቱ ተዘግቷል።”

“እንግዲያስ” አለና ወደ ይታይሽ ዞሮ የወደቀውን ጋቢ በትከሻዋ ላይ መለሰላት።

ማንጠግቦሽ ሌላ ቃል ፈለገች። ከቃል ጌታ ጋር ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት አንድ ቃል አጣች። የሞተውን ሕፃን ያላየች አያት፣ የልጇን ሚስት ግንባር ስማ ተነሣች።

ቤቷ የደረሰችው በጠራራ ፀሐይ ነው። መሪጌታ መደባቸው ላይ ነበሩ፤ ሥራነሽ ያጠበችላቸውን ነጠላ ለብሰው፣ ንጹሕ ሆነው። እርሷን ሲያዩ አንገታቸውን አስግገው ከኋላዋ ያለውን በር አዩ። ጥቂት ጠበቁ። እንደ ገና እርሷን አዩ፤ እንደ ገና በሩን። የሚጠይቁት ምን እንደ ሆነ ከዚያ አገር ሰው ሁሉ እርሷ ብቻ ታውቅ ነበር፤ ያለ ቃል ተጠይቃለችና ያለ ቃል ራሷን ነቀነቀች። መሪጌታ ዓይናቸውን ከበሩ አላነሡም። ከዚያ ወዲያ እስከ ሞቱበት ቀን፣ ወዴትም አዙረው ቢያስቀምጧቸው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ ይመልሱ ነበር። ማንጠግቦሽም በሩን መዝጋት ተወች፤ በክረምቱ ብርድና በውርጩም ጊዜ ሳይቀር ክፍት ነበር። የገባበት ሰው ግን አልነበረም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅላችሁ። አባቶቻችሁ ለመመረቅ ዕድሜ፣ ልጆቻችሁ ምርቃቱን ለመቀበል ልብ አይጡ። የተጣላ በቤታችሁ ሳይታረቅ ፀሐይ አይጥለቅበት። የልጅ ልጅ ድምፅ ከእልፍኛችሁ አይጥፋ፤ አሜን።